ልጠግን ወይስ ልቀይር? በዛፍ ሥር ላለ አሮጌ ቆርቆሮ ቤት

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሦስት ሰው ደወለልኝ። አንዷ ደብረ ሲና ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት፣ ሁለቱ የመንዝ ልጆች ናቸው። የሦስቱም ጥያቄ አንድ ነው። የቤተሰብ ቤት ያፈሳል፣ ቤቱ አሮጌ ነው፣ ዙሪያው ዛፍ ነው፣ ጣራውን ልጠግን ወይስ ልቀይር? ከቀየርኩስ የትኛውን ቆርቆሮ ልግዛ? ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

የኔን ምርጫ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ዝገቱ መሐሉን ከበላው ቆርቆሮውን ሙሉ በሙሉ አውርዱና ወፍራሙን፣ ባለ 28 ጌጅ የሚባለውን፣ አልብሱት። እንጨቱን ግን አትንኩ። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ እንጨቱን በአዲስ ይቀይርና ለቆርቆሮው ሲደርስ ገንዘብ ያልቅበታል።

የእናቴ ቤት አንኮበር በኩል ነው፣ ወደ ወፍ ዋሻ ደን ጠጋ ብሎ። ከጀርባው ሁለት ትልልቅ ጽዶች አሉ፣ በጎኑ የባሕር ዛፍ ረድፍ። ባለ 60 ቆርቆሮ ቤት ነው። አባቴ በ1960ዎቹ ያሠራው ነው፣ የዚያን ጊዜው ቆርቆሮ ወፍራም ስለነበር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ችሎ ኖሯል። ማፍሰስ የጀመረው በ2014 ክረምት ነው። እማዬ አልጋዋን ሁለት ጊዜ አዛወረች። ማታ ማታ ጣሳውና ገበቴው በየቦታው ይደረደራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል።

ያኔ ለመጠገን ወሰንኩ። እዚህ ጋ ነው እኔን ያየህ ተቀጣ የምለው። በ2014 ስድስት ቆርቆሮ ቀይሬ፣ ሚስማርና የአናጢ ተጨምሮ 4,100 ብር ወጣ። በ2015 ካትራሜ (ጥቁሩ ሬንጅ) እና ሲሊኮን፣ ከነሠራተኛው 3,350 ብር። በ2016 አሥራ አንድ ቆርቆሮ ከነሥራው ከነመጓጓዣው 9,220 ብር። በሦስት ዓመት 16,670 ብር ሄደ ማለት ነው። በ2016 ነሐሴ ላይ ቤቱ ከመጀመሪያው ቀን ብሶ ያፈስ ነበር።

ካትራሜው በተለይ አንጀቴን አሳርሮታል። የኛ አገር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀኑ ደግሞ ፀሐዩ ይጠብሳል። ቆርቆሮው ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ካትራሜው ግን አብሮት አይሄድምና ይሰነጠቃል። ውኃው በስንጥቁ ይገባና ከሥሩ ይታቆራል። ላይ ላዩን ስታዩት ጥቁርና ደህና ይመስላል፣ ከሥር ዝገቱ ሥራውን ይሠራል። ሲሊኮንም በዛገ ነገር ላይ አይዝም፤ በጣት ስትስቡት እንደ ላስቲክ ተልጦ ይመጣል። ደግሞ ካትራሜ የነካውን ቆርቆሮ ኋላ ለአጥር እንኳ የሚገዛችሁ የለም።

ጣራው መጨረሻ ላይ ሲወርድ እዚያው ነበርኩ። አናጢው ሁለት ቆርቆሮ የሚደራረቡበትን ቦታ በመንቀያ ከፈት ሲያደርገው መሐላቸው ጥቁር አፈር ሞልቷል። አፈር ይመስላል እንጂ አፈር አይደለም። የጽድ ቅጠል ነው፣ ስንት ዓመት እየገባ እዚያው በስብሶ ማዳበሪያ የሆነ። በጣቴ ስነካው እርጥብ ነበር፤ ጥቅምት ላይ፣ ዝናብ ከቆመ ሁለት ሳምንት አልፎት! በዛፍ ሥር ያለን ጣራ የሚገድለው ዝናቡ ሳይሆን ይኼ ነው። ዝናብ ይመጣል ይሄዳል፣ ቅጠሉ ግን እርጥበቱን ይዞ ይከርማል። ዚንኩ መጀመሪያ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ቀጥሎ ብረቱ ይቀላል፣ ከዚያ ይበሳል።

በዚህ ምክንያት ሁለት ነገር አትሞክሩ። አንደኛው አዲሱን ቆርቆሮ በአሮጌው ላይ ደርቦ መምታት ነው። የማፍረሻ ዋጋ ይቀንሳል ብለው የሚመክሩ አሉ፤ ያ እርጥብ ቅጠልና ዝገት መሐል ላይ ተዘግቶ ይቀርና አዲሱን ከሥሩ ይበላዋል፣ ሚስማሩም እንጨቱን በደንብ አያገኝም። ሁለተኛው ዛፉን መቁረጥ ነው። ቅርንጫፍ ይበቃል። ጽድና ዝግባን ያለ ፈቃድ መቁረጥ የተከለከለ መሆኑን ትታችሁ፣ ያ ዛፍ ነፋሱን ባይሰብርላችሁ ኖሮ ጣራው ድሮ ተነቅሎ ነበር።

አሁን ወደ ግዢው። ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ብረቱ ይሳሳል። ባለ 28 ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ባለ 32 0.25 አካባቢ፣ ባለ 35 0.2 አካባቢ። ይህን የማያውቅ ሰው 35 ሲባል የተሻለ ይመስለዋል፤ የአክስቴ ልጅ ራሷ እንደዚያ ነበር የመሰላት።

ደብረ ብርሃን በጥቅምት 2017 ስጠይቅ ባለ 35 አንዱ 560 ብር፣ ባለ 32 780 ብር፣ ባለ 28 ደግሞ 1,240 ብር ነበር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ከተለወጠ ወዲህ ዋጋው አይጨበጥም፣ እናንተ ስትጠይቁ ሌላ ይሆናል። እናንተ የምትይዙት ልዩነቱን ነው። ለ60 ቆርቆሮ ስታሰሉት ባለ 35 33,600፣ ባለ 32 46,800፣ ባለ 28 74,400 ይመጣል። በቀጭኑና በወፍራሙ መሐል 40,800 ብር አለ። ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ እኔም ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ዓይኔን የከፈተልኝ ግን ሌላ ሂሳብ ነው። መጀመሪያ ያነጋገርኩት አናጢ እንጨቱ አርጅቷል፣ ወራጁም ማገሩም ይቀየር አለኝ። ለአዲስ አጣናና ሞራሌ ከነሥራው 48,000 ብር ጠየቀኝ። አሮጌውን እንጨት ደግሞ እሱ ሊወስድልኝ፣ በነጻ! እዚህ ላይ ጠረጠርኩ። ሌላ አናጢ ጠራሁ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ጋሼ ናቸው። መሰላል ወጥተው አንዱን ወራጅ በመጥረቢያ ጫፍ ፋቅ አደረጉት። ከላይ ጭስ የጠገበ ጥቁር ነው፣ ከሥሩ ግን ቀይ ሆኖ ወጣ፣ ሽታውም ገና ዛሬ የተቆረጠ ይመስል ነበር። «ልጄ፣ ይኼ ጽድ ነው። ምስጥ አይደፍረውም። ይኼን አውርደህ ባሕር ዛፍ ልትሰቅል ነው?» አሉኝ።

እስኪ በዚያን ጊዜው ዋጋ አስሉት። ሚስማር ስምንት ኪሎ በ260 ሒሳብ 2,080፣ ኮልሞ (የጣራውን አናት የሚከድነው) ሰባት በ650 ሒሳብ 4,550፣ የእጅ ዋጋ በቆርቆሮ 110 ሆኖ 6,600፣ አይሱዙ ከደብረ ብርሃን 4,500፤ በድምሩ 17,730 ብር። ይኼ ወጪ የትኛውንም ብትገዙ አይቀርላችሁም። በሱ ላይ ባለ 28 ቆርቆሮ በአሮጌው እንጨት ብትመቱ 92,130 ብር ይመጣል። ባለ 35 ቆርቆሮ በአዲስ ባሕር ዛፍ ላይ ብትመቱ ደግሞ 99,330 ብር። የሳሳው ቆርቆሮ ከወፍራሙ በ7,200 ብር በለጠ! እኔ በዚያ ላይ ከአሮጌው ቆርቆሮ ደህና የሆነውን 41 ፍሬ ለአጥር በ150 ብር ሸጬ 6,150 ብር መልሻለሁ።

እንጨቱ ሁሉ ደህና ነው እያልኩ አይደለም። ክፍክፉ ላይ ያሉት ጫፎች ውኃ ስለሚመታቸው ሦስት ወራጅ በስብሶ ነበር። የበሰበሰውን ቆርጠው በጎኑ አጋር መቱለት፣ በቃ። ሚስማር ወስዳችሁ ውጉት፤ በቀላሉ ከሰመጠ በስብሷል፣ እምቢ ካለ ተዉት።

ስለ ማጭበርበሩ ደግሞ። በ2016 የገዛኋቸው 11 ቆርቆሮዎች «32» የሚል ማኅተም ነበረባቸው። አንዱን በ620 ብር ነው የገዛሁት፣ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በዓመቱ ከጽዱ ላይ ጉሬዛ ዘሎ ሲያርፍበት ረገጠውና ስርጉድ ብሎ ቀረ፣ በስርጉዱ ውኃ ያቁራል። ኋላ አንዱን አውርጄ እህል በሚመዘንበት ሚዛን ሰቀልኩት። ባለ ሁለት ሜትሩ እውነተኛ 32 ቢሆን ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ መምዘን ነበረበት፤ 2 ኪሎ ከ800 መጣ። ባለ 35 ነው የሸጡልኝ። ቀለም የትም ይታተማል፣ ሚዛን ግን አይዋሽም። አንድ ካሬ ሜትር ብረት በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል፣ ያንን በቆርቆሮው ካሬ ሜትርና በውፍረቱ ማባዛት ነው። ባለ 28 የሆነ ባለ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ አምስት ኪሎ ተኩል አካባቢ ይሆናል። አሥሩን ባንድ ላይ አስመዝኑ። ሻጩ ሚዛን ሲባል ፊቱ ከጠቆረ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

ባለ ቀለሙስ ይሉኛል፣ ኢጋ የሚባለው። ያምራል፣ አልክድም። ለአዲስ ቤት፣ በውኃ ልክ ለተመታ ሞራሌ ጥሩ ነው። የኛ አሮጌ ቤት ወራጁ በእጅ የተጠረበ ነው፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላል። ኢጋው ቀጥ ያለ ነገር ስለሚፈልግ እዚያ ላይ ሲጠብቅ ይነፋል፣ ቡሎኑም ይላላል። ተራው ሞገዳም ቆርቆሮ እንጨቱን ተከትሎ ይተኛል። በዚያ ላይ ከቀለሙ ሥር ያለውን ውፍረት በዓይን መለየት አትችሉም።

የሳር ክዳን ልመልስ ያለኝም አለ። ጓሳ፣ የደጋው የክዳን ሣር፣ ይሞቃል፣ ድምፅም የለውም። ግን የመንዝ ጓሳ ማኅበረሰቡ በራሱ ሥርዓት የሚጠብቀው ነው፣ በፈለጋችሁ ቀን የምታጭዱት አይደለም። ቆርቆሮ ለለመደ ቤትም ግድግዳውና የጣራው ቁልቁለት ላይስማማው ይችላል።

ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ። ሚስማሩ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። የላይኛው በታችኛው ላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይደረብ፤ ቁጥሩን ለመቀነስ ብለው አራት ጣት ብቻ የሚደርቡ አሉ፣ ነፋስ የተቀላቀለበት ዝናብ ሽቅብ ይገባላችኋል። የጎኑ መደራረቢያ ደግሞ አፉ ነፋሱ ለሚመጣበት ጀርባውን ይስጥ። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ከአናጢው ይልቅ እዚያ ቤት የኖረው ያውቃልና እናታችሁን ጠይቁ። እማዬ በምሥራቅ በኩል አለች፣ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ በሚወጣበት፣ በሷ ቃል ነው የተመታው።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል፣ ጣራው ተከፍቶ ዝናብ ከያዛችሁ እህሉም ግድግዳውም ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት መጨረሻና መስከረም ላይ፣ ቅጠሉን በመጥረጊያ አውርዱ። በአካፋ የሚጭር ሰው አታውጡ፣ ዚንኩን ይፍቀዋል። አሸንዳ ካላችሁ በየወሩ እጃችሁን አስገብታችሁ ጥረጉት።

ሳይዘንብ ጠዋት ጠዋት የሚንጠባጠብላችሁ ካለ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የእሳቱና የሰው ትንፋሽ እንፋሎት ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ይሆናል። በክፍክፉ ሥር አየር መውጫ ክፈቱለት፣ ይቆማል።

ለመጠገን ወይም ለመቀየር የምትወስኑት እንዲህ ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ በወጣበት፣ በሩንም መስኮቱንም ዝጉና ቀና በሉ። የብርሃን ነጠብጣብ ይታያችኋል። ነጠብጣቡ በሚስማሩ መስመር ተሰልፎ ከታየ ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ ነው ያለቀው፤ ሚስማር ከነጎማው ቀይሩ፣ አምስትና ስድስት ቆርቆሮም ከሆነ ቀይሩ፣ ይበቃችኋል። እንደ ሰማይ ኮከብ መሐል መሐሉን ተበትኖ ከታየ ግን ዝገት ነው፣ ጥገና አትጀምሩ።

የአክስቴ ልጅ አይታ ደወለችልኝ፤ በሚስማሩ መስመር ነው አለች። ሦስት ኪሎ ሚስማር ግዢ፣ ሌላ ምንም አትግዢ አልኳት። አንደኛው የመንዝ ልጅ ኮከቡን አይቶታል፣ ሚዛን ይዞ ደብረ ብርሃን ሊወርድ ነው። ሁለተኛው ገና አላየም። እሱን ቤቱን ዘግተህ እይና ደውልልኝ ብየዋለሁ።