የፎርብስ 17 በመቶ ወይስ የእርከን ግብር?

በ1996 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን ለሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩነት የቀረቡት ስቲቭ ፎርብስ የመጽሔት ባለቤት እንጂ በምርጫ ሥልጣን ይዘው የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ከራሳቸው ኪስ ብዙ አፍስሰው ደላዌርንና አሪዞናን አሸነፉ፤ ዕጩነቱ ግን የቦብ ዶል ሆነ። ያነሱት የገቢ ግብር ክርክር ግን እስካሁን አለ፦ ሁሉም አንድ ነጠላ መጣኔ፣ 17 በመቶ፣ ይክፈል ወይስ ገቢ ሲያድግ መጣኔውም የሚያድግበት የእርከን ግብር ይቀጥል?

ቅለት
ነጠላው መጣኔ፦ በፖስታ ካርድ ላይ የሚያልቅ ቅጽ።
እርከኑ፦ በ1996 ከ15 እስከ 39.6 በመቶ፣ አምስት ደረጃ ነበረው። (ቅጹን የሚያወፍረው ግን እርከኑ ሳይሆን የተቀናሹ፣ ማለትም ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢ ላይ የሚቀነሰው ወጪ፣ ብዛት ነው።)

ከኪስ የሚወጣው
በፎርብስ ዕቅድ ለአራት ሰው ቤተሰብ የመጀመሪያው 36,000 ዶላር ነጻ ነው። 40,000 የሚያገኝ በቀሪው 4,000 ላይ 680 ዶላር ይከፍላል። ከደመወዝ የሚቆረጠው የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) መዋጮ ግን እንዳለ ይቀጥላል። በአክሲዮን ትርፍ ድርሻ ብቻ የሚኖር ሚሊየነርስ? በስሙ ዜሮ። ደጋፊዎቹ «ኩባንያው አስቀድሞ ከፍሎበታል» ይላሉ፤ ደመወዝተኛው ጎረቤቱ ግን ይህን መልስ የሚቀበል አይመስለኝም።

ስጋት
በነጠላው፣ የቤት ብድር ወለድ ተቀናሽነት ይቀራል፤ ቤቱን በዚያ ስሌት የገዛ ይደነግጣል። በእርከኑ፣ ኮንግረስ በየጊዜው አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል።

ለማን?
ገቢው ከኢንቨስትመንት ለሆነና ደመወዙ ከፍ ላለ፣ 17 በመቶው። የቤት ዕዳ ላለበት መካከለኛ ቤተሰብና ገቢው ዝቅተኛ በመሆኑ ከመንግሥት የግብር ተመላሽ ለሚጠብቅ ሠራተኛ፣ የእርከኑ።