አንድ አልበም፣ አራት ሂሳብ፦ ካሴት፣ ሲዲ፣ ዳውንሎድ ወይስ ስትሪሚንግ?

አራት ጊዜ የገዛሁት አንድ አልበም አለ። መጀመሪያ አዲስ አበባ በካሴት ገዛሁት። ዋሽንግተን ዲሲ ከመጣሁ በኋላ ሲዲውን ከሐበሻ ሱቅ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው አጠገብ አገኘሁት። ሦስተኛው ዳውንሎድ ነበር። ለአራተኛው፣ ለስትሪሚንግ (ከኢንተርኔት በቀጥታ ለማዳመጥ)፣ አሁንም በየወሩ እየከፈልኩ ነው። ዘፈኖቹ ያው ናቸው፤ አንድም አልተጨመረባቸውም።

ስለዚህ አሁን ስገዛ ቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄኛውን ከገዛሁ ሌላውን ከሱ ማውጣት እችላለሁ?

ካሴት ለትዝታ ካልሆነ ይቅርባችሁ። የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሹሹታውም አብሮ ይገለበጣል። የኔን አንዴ ቴፑ በልቶት በስኮች ቀጥዬዋለሁ። እዚያች ቦታ ላይ ዘፋኙ አንድ ቃል ይውጣል። ዛሬ ሲዲውን ስሰማ ራሱ ያቺን ጉድለት እጠብቃታለሁ።

ሲዲ በ1982 ነው ገበያ ላይ የዋለው። አሮጌ ነው ብላችሁ አትናቁት። አብዛኛው ሲዲ ቁልፍ፣ ማለትም መገልበጥ የሚከለክል ነገር፣ የለበትም። የ45 ደቂቃ አልበም እንዳለ ሲገለበጥ ወደ 475 ሜጋባይት ይሆናል። በፍላክ (FLAC በሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት) ብታስቀምጡት ከድምፁ ምንም ሳይቀነስ መጠኑ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ለስልክና ለመኪና ፍላሽ ደግሞ በሰከንድ 320 ኪሎቢት በሆነ ኤምፒስሪ 108 ሜጋባይት ይበቃዋል። ሁሉም ከአንድ ሲዲ፣ በአንድ ክፍያ። ችግሩ አብዛኛው አዲስ ላፕቶፕና አዲስ መኪና ሲዲ ማጫወቻ የለውም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ መግዛት ግድ ነው።

ያገለገለ ሲዲ ስትገዙ ሁሉም ሰው ሆዱን ገልብጦ ያያል። ጀርባውንም፣ ሥዕሉ ያለበትን በኩል፣ እዩት። ዘፈኑ የተጻፈበት ስስ ሽፋን ያለው ልክ ከሥዕሉ ሥር ስለሆነ፣ እዚያ በኩል የተጫረ ሲዲ አይድንም። ሆዱ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ካደላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው ቤቱ የገለበጠው ነው። ፋብሪካ የታተመው ብርማ ነው።

ዳውንሎድ ላይ የተቆለፈና ያልተቆለፈውን ለዩ። የአፕል የዘፈን ሱቅ አይቲዩንስ በ2003 ሲከፈት ዘፈኖቹ ቁልፍ ነበረባቸው፤ በ2009 ተነሳ። ባንድካምፕ (ዘፋኞች ሥራቸውን የሚሸጡበት ድረ ገጽ) ላይ አንዴ ከከፈላችሁ በኤምፒስሪም በፍላክም ታወርዳላችሁ፤ ሲዲ ወይም ሸክላ ስታዙ ብዙ ጊዜ ዲጂታሉ አብሮ ይመጣል። በነገራችን ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሻጮች «ግዛ» የሚል መጫኛ ሲያስቀምጡ፣ የሚሸጡት የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ በግልጽ እንዲናገሩ ሕጉ ያስገድዳል። የኔ ዳውንሎድ ግን በራሴ ጥፋት ነው የጠፋው። ፋይሉ ከሞተ ላፕቶፕ ጋር ቀረ፤ አካውንቱ ፓስወርዱን በረሳሁት ኢሜይል የተከፈተ ነበር። ወዲያው ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ።

ስትሪሚንግን አልሰድብም። አዲስ ነገር ለመቅመስ የሚያክለው የለም። በወር 11 ዶላር ብታስቡት ግን በዓመት 132 ዶላር ነው፤ የወሩን ያቆማችሁ ቀን በእጃችሁ የሚቀር ዘፈን የለም። ስፖቲፋይ ላይ ያወረዳችሁት እንኳ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ካላገኘ አይጫወትም። አዲስ አበባ በፓኬጅ ለሚያዳምጥ ደግሞ በ160 ኪሎቢት አንድ ሰዓት 72 ሜጋባይት ይበላል፤ በ320 እጥፉን። የወደዱትን አልበም በየቀኑ እንዲህ መስማት ያው ዘፈን ላይ በየቀኑ መክፈል ነው። እኔ በምከፍልበት አገልግሎት አልበሜ አንድ እሁድ ጠዋት ስሙ ደብዝዞ ጠበቀኝ። ብነካው እምቢ። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ፤ ለምን እንደሄደም ለምን እንደመጣም የነገረኝ የለም።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ በስትሪሚንግ ቅመሱ። አልበሙ ከሦስተኛ ሳምንት በኋላም ከጆሯችሁ ካልወጣ፣ ያልተቆለፈ ዳውንሎድ ፈልጉለት። እሱ ከሌለ ብርማውን ሲዲ።

የኔው አልበም ሰሞኑን በሸክላ ታትሟል አሉኝ። ዲጂታሉ አብሮት አለ ወይ ብዬ ለሻጩ ጽፌ መልስ እየጠበቅኩ ነው።