ለተከራይ ግቢ የሚገጠመው ትንሽ ቆጣሪ፦ ከተጠቀምኩበት በኋላ የምለው

ግዙ እላለሁ። የሚሠራላችሁንና የማይሠራላችሁን ለይታችሁ ግን ግዙ።

የማወራው ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ስለሚገጠመው ትንሽ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ነው። ከብሬከሩ ጎን የሚቀመጥ፣ መዳፍ የማይሞላ ዕቃ ነው። እኔ መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች ከሁለት ሺህ ብር ትንሽ አለፍ ባለ ዋጋ ገዛሁት። የኤሌክትሪሺያኑ ሒሳብ ለብቻው ነው።

ኮተቤ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤት ሆነን እንኖራለን። ትልቁ ቤት የአከራያችን የእማማ ነው። ሰርቪሶቹ ላይ እኔ ከሁለት ልጆቼ ጋር፣ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ብቻቸውን፣ ሁለት ላጤ ልጆች በአንድ ክፍል፣ እንዲሁም አዲስ ተጋቢ ባልና ሚስት አለን። ቆጣሪው አንድ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ ለአምስት ይካፈልና ሁሉም እኩል ይከፍል ነበር። መብራት ርካሽ በነበረ ጊዜ ይህን ነገሬ ያለው ሰው አልነበረም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ግን ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ስለተወሰነ፣ ጭማሪ በመጣ ቁጥር ግቢው ውስጥ ጭቅጭቅ ይነሳ ነበር። ጭቅጭቁም የሚያርፈው በእኔ ምጣድ ላይ ነበር። ቤት ስትፈልጉ ገና በሩ ላይ «ምጣድ አይቻልም» የተባላችሁ ሁሉ ነገሩን ታውቁታላችሁ።

ምጣዴ 3,500 ዋት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። በሳምንት አንድ ቀን ስለምጋግር በወር ወደ 28 ይደርሳል። ይህን በወረቀት ላይ ጽፌ ማሳየት እችል ነበር፤ ተናዶ ለሚከራከር ሰው ግን ወረቀት ምን ያደርግለታል? ለዚህ ነው ቆጣሪውን የገዛሁት። እኔ ካስገጠምኩ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉኝ።

አራቱም ሰርቪሶች ካስገጠሙ በኋላ የመጀመሪያው ወር ሲነበብ ዋናው ቆጣሪ 412 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ። የእኔ ከነምጣዱና ከነፍሪጁ 84 ነበር። የባልና ሚስቱ 67፣ የጋሼ 31፣ የላጤዎቹ 118። ልጆቹ እንጀራ አይጋግሩም፤ ግን ባለ 2,000 ዋት ስቶቭ አላቸው። በክረምቱ ብርድ ማታ ማታ ምግብ ካበሰሉበት በኋላ ክፍሉን እንዲያሞቅላቸው ሳያጠፉት ይቆያል። ቁጥሩን ሲያዩ አልተከራከሩም፤ «እኛም አላወቅንም ነበር» ብለው ከፈሉ። ማንም ማንንም ሳይሰድብ ሒሳብ የተዘጋበት ወር ያ ነበር። እኔ ለዚህ ብቻም ቢሆን ገንዘቤን አውጥቼ እገዛዋለሁ።

ቀሪውስ? አራቱ ቆጣሪዎች ሲደመሩ 300 ነው፤ 112 ይቀራል። ያ የትልቁ ቤት፣ የበሩ መብራትና ውሃ ወደ ሮቶው የሚገፋው ፓምፕ ነው። ፓምፑ የሚሠራው ለሁላችንም ስለሆነ ቀሪውን በሙሉ በእማማ ላይ መጫን ልክ አይደለም፤ በሙሉ ለተከራይ ማካፈልም ልክ አይደለም። ይህን ከመግጠማችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ሻጩም ሆነ ገጣሚው አይነግሯችሁም።

ስትገዙ የምትመርጡት የሚሽከረከር ቁጥር ያለውን ይሁን። ስክሪን ያለው ያምራል፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ የንባቡ ቀን መብራት ከሌለ ማንበብ አትችሉም። ቁጥሩን ወደ ዜሮ የሚመልስ ቁልፍ ያለው ዓይነትም ገበያ ላይ አለ፤ እሱን ተዉት፣ የነገ ጭቅጭቅ ነው። ምጣድ ላለው ቤት 60 አምፔር የሚችለውን ውሰዱ። ፊቱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል እዚያው ተጽፏል። ልትፈትሹት ብትፈልጉ ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ 2,000 ዋት የሆነ ስቶቭ ለግማሽ ሰዓት አብሩ፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል መቁጠር አለበት። ማታ ኃይሉ ስለሚወርድ ስቶቩም የሚወስደው ያንሳል፣ ስለዚህ በጠዋት ሞክሩት። ገጣሚው ደግሞ የታሸገውን ዋና ቆጣሪ እንዳይነካ፤ ሥራው ሁሉ ከዋናው ቆጣሪ ወዲህ ነው።

አሁን ወደማይሠራው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነውና። ትንሹ ቆጣሪ ስንት እንደተጠቀማችሁ ይነግራል፣ በስንት ዋጋ እንደምትከፍሉ ግን አይወስንም። ታሪፉ በእርከን ነው። እስከ 2016 መጨረሻ በነበረው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በአንዱ 27 ሳንቲም ነበር የሚከፍለው፤ ከ500 በላይ በሆነው እርከን ግን አንዱ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ቢያድግም እርከኑ አልቀረም። ተጨማሪ እሴት ታክስም አለ፦ በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም መኖሪያ ቤት ነፃ ነው፣ ከዚያ ካለፈ 15 በመቶ ይመጣል።

እንግዲህ ጋሼን አስቡ። አንድ አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ለሻይ የምትሆን ትንሽ ማሞቂያ። 31 ኪሎዋት ሰዓት። የራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው በዝቅተኛው እርከን ይከፍሉ ነበር፣ ታክሱም አይነካቸውም። በእኛ ግቢ ግን 412 የሚጠቀም የአንድ ደንበኛ አካል ናቸው። ዝቅተኛው ዋጋ የተቀመጠው እንደ እሳቸው ላለ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ቆጣሪ ስለሌላቸው ብቻ አይደርሳቸውም። ይህ ያንገበግበኛል። አዲስ አበባ ውስጥ በሰርቪስ ቤት ስንት ጡረተኛ፣ ስንት የቀን ሠራተኛ እንዲህ እየከፈለ እንደሆነ ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል።

ውሃውም እንዲሁ ነው። ከታክስ ነፃ የሚሆነው በወር እስከ 15 ሜትር ኩብ ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 750 ማለት ነው። ለአንድ ቤት ይበቃል። አምስት ቤት በአንድ የውሃ ቆጣሪ ላይ ሲሆን ግን ማለፉ አይቀርም።

ስለዚህ ሁነኛው መፍትሔ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ ነው፣ ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት ደግሞ ባለንብረቱ ነው። እማማን ጠይቀናቸው እያሰቡበት ናቸው። እስከዚያው ግን ተከራይ በእጁ ያለውን መብት ይያዝ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የኪራይ ጭማሪም አከራይ እንደፈለገ ሳይሆን በሚወሰነው መጠን እንዲሆን ያስገድዳል። በመብራት ስም በየወሩ የሚጨመር፣ ደረሰኝ የማይታይበት ገንዘብ ካለ ደረሰኙን ለማየት ጠይቁ። ትንሹን ቆጣሪ አስገጥመው በአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከሚከፍሉት በላይ ከተከራይ የሚሰበስቡ አከራዮች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ያ ሒሳብ መካፈል ሳይሆን መሸጥ ነው፣ ኤሌክትሪክ ለመሸጥ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዋናው ቆጣሪ በራሱ ያለልክ ከቆጠረ ለመብራት 905፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለውሃ 906 ደውሎ ቅሬታ ማስመዝገብ ይቻላል። ስትደውሉ የቆጣሪውን ንባብ ከነቀኑ በፎቶ ይዛችሁ ቢሆን ነገሩ ይቀላል።

እኛ አሁን የምንካፈለው እንዲህ ነው። ዋናው ቆጣሪ በሚነበብበት ቀን ሁላችንም የየራሳችንን ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንልካለን። የጋሼ ፍጆታ ከ50 ካላለፈ በዝቅተኛው እርከን ዋጋ ይታሰብላቸዋል፣ ልዩነቱን አራታችን እንችላለን። የቀረው ጠቅላላ ሒሳብ በተጠቀምነው ልክ ይካፈላል። ላጤዎቹ ናቸው ይህን ሐሳብ ያመጡት። ውሉ ሲታደስ ስሌቱ ተጽፎ እንዲገባ እማማን ጠይቄ ተስማምተዋል። ለፓምፑም የራሱን ትንሽ ቆጣሪ ለመግዛት እያዋጣን ነው።