የተሞረደው ብየዳ፦ «ለውድድር ሊደርስ ትንሽ የቀረው» መኪና ሲቀርብላችሁ

«ልጄ፣ ይህን ብየዳ ማን ሞረደው?» ብለው ጠየቁኝ ጋሼ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ብየዳው ያለው በመኪናዬ ውስጥ ከጣሪያው ሥር በቆመው የብረት ቱቦ ቅስት ላይ ነው፤ እኔም መኪናውን ከመግዛቴ በፊት በጣቴ ዳስሼ አድንቄዋለሁ። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ መጋጠሚያው እስከማይታይ ድረስ ለስልሶ ነበር። መኪናውን የገዛሁበት 9,200 ዶላር ደግሞ ከእቁብ የደረሰኝ ገንዘብ ነው።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የድራግ እሽቅድምድም፣ ማለትም በቀጥታ መንገድ ላይ የሚደረገውን የሩብ ማይል ሩጫ፣ የምትወዱ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በተለይ አሮጌ ማስል ካር፣ ማለትም ጉልበተኛ ሞተር ያለው የአሜሪካ መኪና፣ በርካሽ ገዝታችሁ በስቶክ ምድብ ለመወዳደር ለምታስቡ።

ስቶክ ምድብን የመረጥኩት ገንዘብ ብቻውን የማያሸንፍበት ውድድር ስለመሰለኝ ነው። አሁንም ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተውና ውድድሩን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤን ኤች አር ኤ፣ መኪኖችን የሚመድበው ክብደታቸውን ለፈረስ ጉልበታቸው በማካፈል ነው። መኪናው በአብዛኛው ፋብሪካው እንደሠራው መቆየት አለበት። ቴስታታው፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚታሰረው የሞተሩ ክዳን፣ የዚያው ሞዴል መሆን አለበት። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ቫልቭን ከፍቶ የሚያቆይበት ጊዜ ሊቀየር ይችላል፤ የሚያነሳበት ከፍታ ግን ከፋብሪካው ልክ ማለፍ የለበትም። የኋላ ጎማው ስፋት ከ9 ኢንች አይበልጥም። ከ1979 እስከ 1993 የተመረተው ፎርድ ሙስታንግ ለዚህ ይመቻል፤ ቀላል ነው፣ መለዋወጫውም እንደ ልብ ይገኛል። የ1990ው ባለ 5 ሊትር ሞተር 225 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ፔንስልቬንያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ያልተነካ መኪና በ11,000 ዶላር አግኝቼ ነበር። ተውኩት። ሌላው ሻጭ «ግማሹን ሥራ ጨርሼልሃለሁ፣ ለስቶክ ምድብ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው» ስላለኝ እሱ ዘንድ ሄድኩ። ሞተሩ ሲነሳ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። የደህንነት ቅስቱ ተበይዶ ቆሟል፣ የኋላ ጎማዎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ቴስታታው አዲስ አሉሚኒየም ነው። ያን ሁሉ እንደ ትርፍ ቆጠርኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በዚያው ቀን ከፈልኩ።

ጋሼ ከብየዳው በኋላ የሻንሲ ቁጥሩን አነበቡ። ከ17ቱ ምልክቶች ስምንተኛው የሞተሩን ዓይነት ይናገራል። የ1990 ሙስታንግ ከፋብሪካ ባለ 5 ሊትር ሆኖ ከወጣ ቦታው ላይ አምስተኛው የእንግሊዝኛ ፊደል «ኢ» ይገኛል። የእኔ ላይ ያለው የመጀመሪያው ፊደል «ኤ» ነው። መኪናው ሲወለድ ባለ አራት ሲሊንደር ነበር፤ ትልቁ ሞተር የገባለት በኋላ ነው። ከሥር ስናየው የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው ዲፈረንሻልም ያው የትንሹ ሞተር፣ ትልቁ ጥርሱ ባለ 7.5 ኢንች ሆኖ ተገኘ። በባለ 5 ሊትሩ ላይ ሊኖር የሚገባው ባለ 8.8 ኢንች ነው። በትንሹ ዲፈረንሻል ላይ መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ ጎማ አስሮ፣ በዚያ ጉልበት ከመነሻው መስመር ማስፈንጠር ጥርሱን እንዲበላ መጋበዝ ነው።

አሉሚኒየሙ ቴስታታ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለስቶክ ምድብ ግን አይሆንም። ከ1987 እስከ 1993 በባለ 5 ሊትሩ ላይ የነበረው «ኢ7ቲኢ» የሚል ጽሑፍ የወጣበት የብረት ቴስታታ ነው። እሱ በየቁርጥራጭ ቤቱ በርካሽ ስለሚገኝ ብዙ አላሳዘነኝም። ያሳዘነኝ የኋላ ጎማ ቤቱ ነው። ሰፊው ጎማ እንዲገባ ውስጠኛው ቆርቆሮ ተቆርጦ ተስፋፍቷል፤ በስቶክ ምድብ ይህ አይፈቀድም። ቴስታታ ይፈታል፣ ዲፈረንሻል ይቀየራል፤ የተቆረጠ አካል ግን የመኪናውን ዋጋ የሚያህል የቆርቆሮ ሥራ ይጠይቃል። ሻጩን ስደውልለት «እንግዲያው ሱፐር ስቶክ አስገባው» አለኝ። ሱፐር ስቶክ ብዙ ለውጥ የሚፈቀድበት ሌላ ምድብ ነው፤ የሌላ ሰው ኪስ ነው፤ እኔ የጠየቅሁትም እሱን አልነበረም።

ወደ ብየዳው ልመለስ፣ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ። ሩብ ማይሉን በ11.49 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ቢገለበጥ ጣሪያው ሹፌሩን እንዳይጨፈልቀው የብረት ቅስት ግዴታ አለበት። የተራው ብረት ቱቦ ግድግዳ ውፍረት 0.118 ኢንች፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ብየዳን መሞረድ ደግሞ በደንቡ ክልክል ነው፤ ሞረዱ ከላይ ያለውን ብረት ያሳሳል፣ የተበላሸ ብየዳንም ይደብቃል። የብረት ውፍረት በሚለካ መሣሪያ ስንለካው የእኔ ቅስት 2 ሚሊ ሜትር እንኳን አልሞላም። ሁለት ልጆች አሉኝ። በዚያ ቱቦ ሥር ተቀምጬ ልነዳ ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማኅበሩ በነጻ የሚያወጣውን የምድብ መመሪያ ከፍታችሁ የመኪናውን ዓመትና ሞዴል ፈልጉ፤ ክብደቱና የተመደበለት የፈረስ ጉልበት ተጽፏል። የሻንሲ ቁጥሩን ስምንተኛ ፊደል አንብቡ። ምንጣፉን ገልጣችሁ የኋላውን ጎማ ቤት ከውስጥ እዩ። ሻጩ «እንዳለ ነው የምሸጠው» የሚል ወረቀት ካስፈረማችሁ በኋላ መሟገት በጣም ይከብዳል፤ እኔ ፈርሜያለሁ። ምንም ያልተነካ፣ አቧራ የጠጣ መኪና ብታገኙ በ2,000 ዶላር ቢበልጥም እሱን ውሰዱ። ብየዳ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚከፈለው ከአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ አይበልጥም።

ቅስቱን ባለፈው ቅዳሜ ቆርጠን አወጣነው። መኪናውን ልሸጠው ነው። ማስታወቂያው ላይ ስምንተኛው ፊደል፣ የዲፈረንሻሉ መጠንና የተቆረጠው ጎማ ቤት ፎቶግራፍ ከዋጋው በላይ ይቀመጣሉ።