የውሻዎ ፀጉር ሲረግፍ፦ ማበጠር ወይስ መላጨት?

ጀርመን ሸፐርድ ወይም ሀስኪ ያሳደገ ያውቀዋል፤ ወቅት ሲለወጥ ምንጣፉም፣ ሶፋውም፣ ጥቁሩ ሱሪም ፀጉር ይለብሳል። የቀኑ ብርሃን ሲረዝምና ሲያጥር ውሻው ፀጉሩን ይቀይራል፤ በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው "ላስላጨው ይሆን?" የሚለው ያኔ ነው።

ወጪ፦ ማበጠሪያ አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል። ማስላጨት በየጊዜው ይከፈልበታል።

ድካም፦ ማበጠር በመርገፊያው ወቅት በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል ይጠይቃል። መላጨት በአንድ ቀን ያልቃል።

አደጋ፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ውሾች ድርብ ፀጉር አላቸው፤ ከውስጥ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ፣ ከላይ ረዘምና ጠንከር ያለ። የላይኛው ፀጉር ቆዳን ከፀሐይ ይጠብቃል። ሲላጭ ቆዳው ለቃጠሎ ይጋለጣል፤ አንዳንዴም ፀጉሩ ቦታ ቦታ እየዘለለ ይበቅላል፣ ለመመለስም ወራት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ሆኖ መርገፉ አይቆምም! አጫጭሩ ፀጉር ጨርቅ ላይ ተሰክቶ ለመልቀም ይብሳል። ማበጠር ግን በኃይል ካልተጫኑት በቀር ጉዳት የለውም፤ የሞተውን የውስጥ ፀጉር መሬት ሳይነካ ያወጣል።

ጤነኛ ድርብ ፀጉር ላለው ውሻ እኔ ማበጠርን እመርጣለሁ። ፀጉሩ ተቋጥሮ ማበጠሪያ ካላስገባ ወይም ቁስል መታከም ካለበት መላጨት ተገቢ ነው። እንደ ፑድል ፀጉሩ ሁልጊዜ ለሚያድግ ውሻ መቆረጥ የተለመደ እንክብካቤ ነው። ቆዳው ገላጣ ሆኖ ከታየ፣ ከቀላ ወይም ውሻው ያለማቋረጥ ካከከ ግን ሁለቱንም ትተው የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።