ለሰፈራችን ወንዝ የትኛው ድልድይ? ባሕር ዛፍ፣ ብረት ወይስ አርማታ

በሱሉልታ፣ በለገጣፎ ወይም በአቃቂ በኩል የሚኖር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በበጋ ተዘሎ የሚታለፍ ወንዝ ሐምሌ ሲገባ ማንንም አያሳልፍም። መዋጮ ይጀመራል፣ ክርክርም ይነሳል። እዚህ የማወዳድረው 5 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የእግረኛ ድልድይ ነው።

ርካሹ ባሕር ዛፍ ነው። በየቦታው ይገኛል፣ የሰፈር አናጢም ይሠራዋል። ጠላቱ እርጥበትና ምስጥ ናቸው። አፈር ውስጥ የተቀበረው ጫፍ ቀድሞ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ድንጋይ ላይ ይረፍ እንጂ አይቀበር። ለ3 ሜትር የበቃ ግንድ ለ6 ሜትርም ይበቃል ብላችሁ አታስቡ። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር፣ በየሜትሩ ያለው ጭነት ያው ሆኖ፣ ግንዱን የሚያጎብጠው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ብረት ወርክሾፕ ተበይዶ ይመጣል። ሁለት ወፍራም የአይ ቅርጽ ብረት፣ ላያቸው ላይ ጣውላ፣ ከጎን መደገፊያ፤ አለቀ። ቀለሙ በየጊዜው ካልታደሰ ይዝጋል። ሌላው ጣጣ ሌባ ነው፦ በቡሎን ከታሰረ ይፈታል፣ ስለዚህ አስበይዱት።

አርማታ ከቆመ ብዙ አያስቸግርም፤ እስኪቆም ግን ያደክማል። 1.2 ሜትር ስፋትና 25 ሳንቲሜትር ውፍረት ቢኖረው ብቻውን 3.7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ዋናው ፌሮ ከታች በኩል መሆን አለበት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሥር ነውና። ቢያንስ ለሳምንት ውኃ ይጠጣ። ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው፣ ስለዚህ ሥራው ከጥር እስከ መጋቢት ቢያልቅ ይሻላል። ባጃጅ የሚያልፍበት ከሆነ ደግሞ ያለ መሐንዲስ አትነኩት።

የእኔ ምርጫ? ለእግረኛ ብቻ ከሆነ ብረት። ግን ገንዘቡን ሁሉ ላዩ ላይ አትጨርሱ። ትንሽ ድልድይ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ጎርፍ የዳርና ዳሩን መሠረት ከሥር ሲቦረቡረው ነው። አቃቂ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እሱን አልፋችሁ ጠንካራ መሬት እስክታገኙ ቆፍሩ። ውኃው ከሚመጣበት በኩል ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ ውስጥ የታጨቀ ድንጋይ፣ ጨምሩበት። ከፍታውን ለመወሰን የሰፈሩን አዛውንቶች ጠይቁ፤ ውኃው የት ድረስ እንደደረሰ ያሳዩአችኋል። ከዚያም ከፍ አድርጉት፤ ጎርፍ ግንድ ይዞ ይመጣልና።

የዋጋ ማቅረቢያ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የመሠረቱን ጥልቀት ፈልጉ። ካልተጻፈ መልሱለት።