የሲጋር ሳጥን ውስጡ በምን ይልበስ? ስፓኒሽ ሲዳር ወይስ ማሆጋኒ

ሂውሚዶር፣ ማለትም የሲጋር ማቆያ ሳጥን፣ ቤት ውስጥ ልትሠሩ ካሰባችሁ የውጪው እንጨት የወደዳችሁት ይሁን። ዋናው ነገር ውስጡ ነው።

ስፓኒሽ ሲዳር የሚባለው እንጨት ስሙ ያሳስታል። አገሩ ስፔን ሳይሆን መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ከነካሪቢያን ነው። ሲዳር ማለት ዝግባ ቢሆንም ዝምድናው ከሊባኖስ ዝግባ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከማሆጋኒ ጋር ነው። እርጥበት ይስባል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ መልሶ ይሰጣል። ሳጥኑ ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ላይ እንዲረጋ የሚያግዘው ይሄ ነው። ጠረኑ ለስለስ ያለ ነው፤ ከትምባሆ ጋር በደንብ ይስማማል። ችግሩ ሙጫው ነው። በደንብ ካልደረቀ ያነባና ሲጋሩ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ስትገዙ በማድረቂያ ክፍል የደረቀውን ጠይቁ።

ማሆጋኒ በሙጫ ብዙም አያስቸግርም። እርጥበትም ይይዛል። ጠረኑ ግን በጣም ደካማ ነው፤ የሲጋሩ ጣዕም ሳይነካ እንዲቆይ ለሚፈልግ ሰው ይሄ ጥሩ ነው።

እኔ ሲዳሩን እመርጣለሁ። ሲጋር ለወራት ሲቀመጥ ያ ጠረን ዋጋ አለው። ሁለቱም ከጠፉ ግን እባካችሁ በጥድ አትተኩ! ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ትምባሆውን ይውጠዋል።

የቱንም ብትመርጡ ውስጡን ቫርኒሽ አትቀቡ። እንጨቱ መተንፈስ አለበት። ሲጋር ከማስገባታችሁ በፊትም እንጨቱ እርጥበት እንዲስብ የተጣራ ውሃ በትንሽ ሳህን አስቀምጡና ክዳኑን ዘግታችሁ ጥቂት ቀን ጠብቁ። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ሳንቃውን ሊያጣምመው ይችላል።